በነሐሴ ጠይቀን በጥር የመዘገብነው ለውጥ

ደብረ ማርቆስ ላይ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች በሚደግፍ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ማህበራዊ ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ የግምገማውን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ቤተሰቦቹን ከማንም በላይ የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ ተብዬ ነው። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ ያስረከብኩት ሪፖርት ፕሮግራሙ ተሳክቷል ይል ነበር። ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የምግቡም፣ የገቢውም፣ የልጆቹ ትምህርትም። አለቆቼ ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ሪፖርት ትልቁ ክፍል ስህተት እንደነበር ያወቅኩት ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ያሳወቀችኝም አረቄ እያወጣች ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት።

ይህን የምጽፈው በወረዳ ጽሕፈት ቤትም ይሁን በግብረ ሰናይ ድርጅት ወይም በእድር ኮሚቴ ውስጥ ሆናችሁ "እስቲ ይህ ድጋፍ ምን ለውጥ አመጣ? ገምግሙት" ለተባላችሁ ነው። መመሪያው ላይ ያልተጻፈውን፣ እኔ ሰው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነበር። ባል የሞተባቸው፣ የተፋቱ ወይም ባላቸው በበሽታ የተኛባቸው እናቶች ይመረጣሉ። አጭር የንግድ ሥልጠና ይሰጣቸዋል፣ የመቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ለልጆቻቸው ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ማህበራዊ ሠራተኛ ቤታቸው ይሄዳል። በገንዘቡ አንዷ ጉሊት ትቀመጣለች፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ አንዷ ጠላና አረቄ ታወጣለች። ፕሮግራሙ ሳይጀመር የመነሻ ጥናቱን የሠራነው በነሐሴ 2009 ነው። ሲያልቅ ያንኑ ቅጽ ይዘን ተመልሰን የጠየቅነው በጥር 2011 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለውጥ ተባለ።

ነሐሴ 2011 ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም ባላባራበት ቀን፣ አዲስ የተቀጠረች መረጃ ሰብሳቢ ይዤ ወደዚያች እናት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ቅጹን እንድትለማመድበት ነው። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ግማሹን ጋኖች ይዘውታል፣ ድፍድፉ ምድጃ ላይ ተጥዷል፣ አረቄው በመቃው በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ልጅቷ ዓይኗን እየጠራረገች ጀመረች።

"ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ውስጥ ወተት ወይም ከወተት የተሠራ ነገር የቀመሰ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንቁላል?"

"የለም።"

"ሥጋ?"

እናትየዋ እንጨት መግፋቷን ትታ ቀና አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ልጄ፣ ፍልሰታ እኮ ነው። ያን ጊዜም በፍልሰታ መጥታችሁ ይኸንኑ ጠየቃችሁኝ። ወተትና እንቁላሉን ለመጠየቅ ስንፈስክ ብትመጡ አይሻልም?"

መልስ አልነበረኝም። ቢሮ ተመልሼ የመነሻ ጥናቱን ቅጾች ከካርቶን አወጣሁና ቀናቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ነሐሴ 3፣ ነሐሴ 4፣ ነሐሴ 8፣ ነሐሴ 10። ሁሉም በጾሙ ውስጥ ናቸው። የማጠቃለያው ቅጾች ደግሞ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በጥር ሁለተኛ አጋማሽ የተሞሉ ናቸው። ያን ጊዜ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾም የለም።

የተጠቀምንበት መለኪያ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። ምግብን በ12 ምድብ ከፍሎ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ቤተሰቡ ከስንቱ ምድብ እንደበላ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ኑሮው ተሻሽሏል ይባላል። አብዛኛው ቤተሰብ በሚጾምበት ጎጃም ግን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በጾም ወቅት ከሀብታሙም ከድሃውም ማዕድ ይወጣሉ። ስለዚህ በፍልሰታ ጠይቀን በጥር ስንመለስ፣ ፕሮግራሙ ምንም ባይሠራ እንኳ ቁጥሩ ይጨምር ነበር። እኛ የመዘገብነው የጾሙን መፈታት ነው።

ነገሩ በጾም ብቻ አያበቃም። ነሐሴ በእኛ አገር የድሃ ክፉ ወር ነው። የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል፣ ዘንድሮ የተዘራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ገበያ ላይ ዋጋው ይሰቀላል። ግንባታ በዝናብ ስለሚቆም የቀን ሥራ ይጠፋል። ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ልብሱ አይደርቅላትም። ጥር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጤፉ ተወቅቷል፣ ዋጋው ረገብ ይላል፣ መንገዱ ደርቋል። ከሁሉም በላይ ጥር የሠርግ ወር ነው። አረቄ የምታወጣ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ለደጋሽ ቤት እንጀራ የምትጋግር ሴት የዓመቱን ትልቅ ገቢ የምታገኘው በዚህ ወር ነው። እኛ በሪፖርቱ "የተጠቃሚዎች ወርኃዊ ገቢ በከፍተኛ ሁኔታ ጨምሯል" ብለን ጽፈን ነበር። እውነት ነው፣ ጨምሯል። የጨመረው ግን ጎረቤት ሠርግ ስለነበር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ የመነሻውንና የማጠቃለያውን ጥናት በአንድ ወር አድርጉ፣ ከተቻለም በአንድ ሳምንት። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ኋለኛው በየዓመቱ ስለሚዘዋወር የቀን መቁጠሪያ ሳታዩ ዕቅድ አታውጡ። በፍስክ ወራትም ቢሆን ሐሙስና ቅዳሜ ሄዳችሁ ስለ ትናንት ብትጠይቁ የምታገኙት የረቡዕና የዓርብን ማዕድ ነው። ከምታነጋግሯቸው መካከል ሙስሊም ቤተሰቦች ካሉ ረመዳንንም እንዲሁ አስቡ። ይህን አንድ ነገር ብቻ አስተካክላችሁ ብትሠሩ ከእኔ የመጀመሪያ ሪፖርት የተሻለ ታመጣላችሁ።

ስህተቱን ለአለቃዬ መንገር ከባድ ነበር። ሪፖርቱ ለረጂው ተልኳል፣ ተመስግነንበታል። ሁለት ቀን አመነታሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቅጾቹን ይዤ ገባሁና ቀኖቹን አሳየኋቸው። ሰውየው ዝም ብለው ካዩ በኋላ "ታዲያ አሁን ነሐሴ አይደል? ጾሙ ሳይፈታ ድረሺበት" አሉኝ። እንዲህ ያለ አለቃ ማግኘት ዕድል ነው። በሚቀጥሉት ቀናት እነዚያኑ ቤተሰቦች በዚያው ጾም፣ በዚያው ዝናብ እንደገና ጠየቅናቸው።

በዚህኛው ዙር አንድ ነገር ጨመርን። ፕሮግራሙ ሲጀመር መስፈርቱን አሟልተው፣ ኮታው ስለሞላ በተጠባባቂነት የቀሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ዝርዝራቸው ቀበሌው ዘንድ አለ። እነሱንም በዚያው ሳምንት ጠየቅን። አንድ ፕሮግራም ለውጥ ማምጣቱን የምታውቀው ያላገኘው ሰው የት እንደደረሰ ስታይ ነው። ይህን በመጽሐፍ ተምሬዋለሁ፤ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ሁለቱን ዓይነት ቤት በአንድ ጠዋት ተራ በተራ ስገባ ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ነገር አለ። ምንም ያላገኘች ሴት ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ችግሯ ጠይቆ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። አንዲቱ በር ላይ ሸኝታኝ "እንግዲህ ጠይቀሽኛል፣ የምትይኝን እጠብቃለሁ" ብላኛለች። ገና ስትገቡ፣ ሳትቀመጡ፣ ይህ ጥያቄ ምዝገባ እንዳልሆነና ድጋፍ እንደማያስገኝ ንገሩ። ስትወጡም ድገሙት። በምትጠይቁበት ሰዓት የዕለት ገቢዋን የምትሠራ ሴት ከሆነች ደግሞ ጊዜዋን አክብሩ፤ ቤት ውስጥ ሥራዋን እየሠራች መጠየቅ ይቻላል፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ የሞላሁት ቅጽ ብዙ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? የምግቡ መሻሻል በአብዛኛው ጠፋ። የፕሮግራሙ ቤተሰቦችም ተጠባባቂዎቹም በፍልሰታ የሚበሉት ተመሳሳይ ነበር፤ እንጀራ በሽሮ፣ ሲገኝ ጎመን፣ ድንች። ገቢው በብር ሲቆጠር ከ2009 በልጦ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ ዓመታት የእህል ዋጋም ጨምሯል። ከዚያ ወዲህ ገቢን በብር ብቻ አልመዘግብም። በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ የበቆሎና የጤፍ ዋጋ እጠይቅና "የዚህች ሴት የሳምንት ገቢ ስንት ኪሎ ይገዛል?" ብዬ አሰላለሁ። ብሩ ሲጨምር ኪሎው ባለበት የቆመበትን ብዙ ቤት አይቻለሁ። ዛሬ ባለው የዋጋ ንረት ይህን ሳያሰሉ ገቢ ጨመረ ብሎ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ጸንተው ቆዩ፤ እኔም ደስ ብሎኝ የጻፍኳቸው እነሱን ነው። የፕሮግራሙ ልጆች ትምህርት ማቋረጣቸው ከተጠባባቂዎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ከአራጣ አበዳሪ የተበደሩ እናቶችም በፕሮግራሙ ውስጥ ጥቂት ነበሩ። አራጣ የድሃን ቤት እንዴት እንደሚበላ የኖረበት ሰው ያውቀዋል። ልጅ ታሞ የተወሰደ ትንሽ ብር በወለድ ተቆልሎ ምጣድና ብርድ ልብስ ያሸጣል። የመቋቋሚያው ገንዘብ ሀብታም አላደረጋቸውም፤ ከአራጣ ግን ጠብቋቸዋል። የመጀመሪያው ሪፖርት ይህን አልነካውም ነበር፣ ቅጹ ላይ ስለ ብድር የተጠየቀው አንድ ጥያቄ "የቁጠባ ማህበር አባል ነሽ?" የሚል ብቻ ስለሆነ።

ለመሆኑ መሻሻል ማለት ምንድነው? ይህን ከቢሮ ሆነን መወሰናችን ሌላው ጥፋታችን ነበር። በሁለተኛው ዙር እናቶቹን ሰብስበን ቡና እየተፈላ ጠየቅናቸው፤ "አንዲት ጎረቤታችሁ ከችግር እየወጣች መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?" መልሱ አንዱም ከእኛ ቅጽ ጋር አልገጠመም። እድሯን ሳታቋርጥ ስትከፍል። ዱቄት መበደር ስትተው። ቡና አፍልታ ሰው ስትጠራ። የጽዋ ማህበሯ ተራ ሲደርስ ሳትሸሽ። ለልጇ ደብተር በመስከረም ስትገዛ፣ ጥቅምት ላይ ከመምህር ተግሳጽ በኋላ ሳይሆን። አንዲት አረጋዊት እናት ደግሞ "በሯን ዘግታ መብላት ስትተው" አሉ፤ ሌሎቹም በአንድ ድምፅ "እሱስ!" አሉ። ድሃ በሩን ዘግቶ የሚበላው ስስት ይዞት አይደለም። የሚያካፍለው ስለሌለው ሰው እንዳይመጣበት ነው። ከእነዚህ መካከል እድሩ ከሁሉም የተሻለ መለኪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰው ምግቡን ቀንሶም እድሩን ይከፍላል፣ ቀባሪ ላለማጣት። እድር የተቋረጠበት ቤት ከሥር ያለው ቤት ነው፤ ደግሞ መዝገብ ስላለው በዓመቱ ውስጥ መቼ እንደተቋረጠ ይታያል፣ ባለቤቷ ፈቅዳ ከእድሩ ጸሐፊ ማጣራት ይቻላል።

አጠያየቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ መረጃ የሚበላሸው እዚህ ነውና። "ኑሮ እንዴት ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ "ተመስገን" ትባላላችሁ። ተመስገን ምስጋና ነው፤ መልስ አይደለም። ልጇ ሆስፒታል የተኛባትም ተመስገን ትላለች። ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎች ይህን ሰምተው "ደህና" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። ተመስገን ስትባሉ እናንተም "ተመስገን" በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቀጥሎ የሚመጣው ነው እውነተኛው መልስ። "ተመስገን... እንግዲህ ይኸ የኪራዩ ነገር ነው እንጂ..." ይላሉ።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ቅጹ "ባለፉት 30 ቀናት" እያለ ይጠይቃል። ማን ሰላሳ ቀን ይቆጥራል? እኛ አገር ሰው የሚያስታውሰው በበዓል ነው። ወራችን ሰላሳ ቀን ስለሆነ ከአንድ ሚካኤል እስከ ቀጣዩ ሚካኤል፣ ከ12 እስከ 12፣ ጳጉሜን መሀል ካልገባች ልክ ሠላሳ ቀን ይሆናል። ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23። የምትጠይቁበትን ቀን ከአንዱ ጋር አስጠግታችሁ "ካለፈው ሚካኤል ወዲህ ምግብ አንሶ ያለ ራት ያደራችሁበት ሌሊት አለ?" ስትሉ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሄዳ ታስባለች። "ባለፉት 30 ቀናት" ስትባል ግን የመጣላትን ትመልሳለች።

የቀበሌ ሰው ይዞ መግባትም ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ቤቱን የሚያሳየን ሰው ያስፈልገናልና ከቀበሌው ኮሚቴ አንድ ሰው ይመደብልናል። ሰውየው ቅን ነው፣ ቤቱን አሳይቶ መደቡ ላይ ቁጭ ይላል። እሱ በተቀመጠበት "ድጋፉ በትክክል ደረሰሽ ወይ?" ተብላ የተጠየቀች ሴት ምን ትበል? በሚቀጥለው ዓመት ስሟን የሚጽፈው እሱ ነው። አንዲት እናት በጥር፣ እሱ ባለበት፣ በመቋቋሚያው ገንዘብ የገዛቻቸው ዶሮዎች እየጣሉ እንደሆነ ነግራን ነበር። በነሐሴ ብቻዬን ስሄድ ግን ዶሮዎቹ ከጥር በፊት እንደተሸጡ ሰማሁ። አከራይዋ ኪራይ ጨምሮባት ነው። መሸጧ ጥፋት አልነበረም፣ ልጆቿን ከነዕቃቸው ደጅ ከማውጣት አድኗታል። እኛ ግን ዶሮዎቹን በ"ቀጣይነት ያለው ንብረት" ውስጥ ቆጥረናቸው ነበር። አሁን አስጎብኚውን በር ላይ አመስግኜ እሸኘዋለሁ። ቅር እንዳይለው አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ለመንግሥትም ለድርጅትም ሠራተኛ ሁሉ ያው ደንብ ነው እለዋለሁ።

ጎጃም ላይ ድህነትን መገምገም አንድ የራሱ ችግር አለው። አገሩ የጤፍ አገር ነው፣ ትርፍ አምራች ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ከዚህ የተነሣ "ጎጃም ላይ ማን ይራባል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ጤፉ በሚበቅልበት አገር ጤፍ ገዝታ የምትበላ የከተማ ሴት አትታይም። መሬት የላትም፣ ምርቱ አይደርሳትም፣ የሚደርሳት ዋጋው ነው። የገጠሩ የምርታማ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፤ ከክልላችን ደሴ ገባች፣ ከጎጃም ግን አንድም ከተማ አልነበረበትም። በእነዚያ ዓመታት የእኛ ከተማ እናቶች ድጋፍ ካገኙ ከእንደኛ ዓይነት ትናንሽ ፕሮግራሞች ነው። ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ማንን እንደተወ በጥብቅ መመርመር አለበት።

የእኛ ምልመላ በቀበሌ ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከገጠር ተፋትታ የመጣች፣ መሸኛ ያላመጣች፣ ከሰው ጋር ተዳብላ የምትኖር ሴት መታወቂያ የላትም። ኮሚቴው ድሃ የሚላቸውም የሚያውቃቸውን ድሆች ነው፣ ለብዙ ዓመት ሰፈሩ ውስጥ የኖሩትን። ስለዚህ ግምገማችሁን በተጠቃሚዎች ዝርዝር ብቻ አትጀምሩ። ወፍጮ ቤት ሂዱ። ወፍጮ ቤቱ የሚሠራው ሰው በኩንታል የሚያስፈጨውን፣ በጣሳ ይዞ የሚመጣውን፣ ከናካቴው መምጣት ያቆመውን ያውቃል። እኔ ወፍጮ ቤት ተቀምጬ ባሳለፍኩት አንድ ከሰዓት በኋላ በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ፣ ከተመዘገቡት የባሱ አራት እናቶች አገኘሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ጉሊት ዳርም እንዲሁ።

የማህበራዊ ሠራተኞቹን ሥራ ስገመግም ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ። መዝገቦቻቸውን አነበብኩ፤ ገጽ በገጽ "ቤተሰቡን ጎበኘሁ፣ ስለ ቁጠባ መከርኩ፣ ስለ ንጽህና መከርኩ" ይላሉ። በዚህ መዝገብ መሠረት ሁሉም እኩል ይሠራሉ። ከዚያ እናቶቹን "በዚህ ሁለት ዓመት ማን ቤታችሁ መጣ? ምን አደረገላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ስለ ምክሩ ያነሳ ሰው የለም። ያስታወሱት ሌላ ነው። አንዷ የቀለብ ክስ ስትመሠርት ማህበራዊ ሠራተኛዋ ሦስት ቀጠሮ አብራት ፍርድ ቤት መዋሏን። ሌላዋ የልጇ የነጻ ሕክምና ወረቀት የሚፈርም ጠፍቶ ስትንከራተት ማህበራዊ ሠራተኛው ከቢሮ ቢሮ ተከትሏት መሄዱን። አንዷ ደግሞ ከዘመድ የተጣላችበትን የቤት ጉዳይ ሽማግሌ ሰብስቦ እንዳስታረቃት። ከተሰጣቸው ገንዘብ በላይ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ይህ ሥራ የሚጻፍበት ቦታ ግን በቅጻችን አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙ የጎበኘው እንጂ አንድ ጉዳይ ይዞ እስከ መጨረሻ የሄደው አልተመሰገነም። ማህበራዊ ሠራተኛን በጉብኝት ብዛት አትመዝኑ። "ምን ተይዞ፣ የት ደረሰ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከጤና መድህኑም ጋር ይህ ይገናኛል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዱ እዚሁ ጎጃም ያለው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ለመክፈል አቅም የሌላቸው በቀበሌ ተመርጠው መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ደብተሩ አለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ዘንድሮ ታድሷል ወይ? ባለፈው ጊዜ ስትታመሚ መድኃኒቱን እዚያው ሰጡሽ ወይስ "ከውጭ ግዢ" ተባልሽ? ደብተር ይዛ መድኃኒት ለመግዛት የተበደረች ሴት በእኛ የመጀመሪያ ሪፖርት "የጤና ሽፋን ያላት" ተብላ ተቆጥራለች።

ያለ ንጽጽር መገምገም በተቃራኒውም ያሳስታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ሲነሣ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ነበርኩ። መንገድ እየተዘጋ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ገበያ ሳይቆም የሚውልበት ሳምንት ነበር። በኋላ ስንጠይቅ የፕሮግራሙ ቤተሰቦች ሁሉ ከመነሻቸው ወርደው ተገኙ። ያን ብቻ ያየ ሰው ድጋፉ ከንቱ ነበር ብሎ ይዘጋዋል። ድጋፉ ያልደረሳቸውን ስናይ ግን እነሱ የባሰ ወርደዋል፤ የሚሸጥ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ አልቀረም። ክፉ ዘመን ላይ ወድቆ ከመሰበር ማትረፍም ውጤት ነው፣ እሱን የሚያሳይ መለኪያ ከሌለ ግን ጥሩ ፕሮግራም ይዘጋል። በዚያ ወቅት በስልክ ለመጠየቅም ሞክረን ነበር። ስልክ ያላት የተሻለችዋ ናት፣ ስልኳን የሸጠችዋ አትገኝም። ያላገኘናቸውን ስንት እንደሆኑ ቆጥረን በሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ ጻፍን።

የመጨረሻው ነገር፣ ውጤቱን ለቤተሰቦቹ መልሱላቸው። እኛ በ2012 መስከረም ላይ፣ ከመስቀል በኋላ፣ እናቶቹን ሰብስበን ያገኘነውን በቃል ነገርናቸው፣ የተሳሳትነውን ጭምር። ስለ ጾሙ ስናገር አረቄ አውጪዋ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስለ ገቢ የሠራነውን ስነግራቸው ግን ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ።

"ሁሉን ጠይቃችኋል ልጄ፣ የበላነውን፣ ያገኘነውን። የቤት ኪራይ ስንት እንደምንከፍልስ ማን ጠየቀን? ያገኘነው ሁሉ የሚሄደው እዚያ አይደለም ወይ?"

ቅጹን አገላበጥኩት። ሦስት ገጽ ነበር፤ ኪራይ የሚል ቃል አንድ ቦታም የለበትም። እዚያው ብዕር አውጥቼ ከላይ፣ ከስም በታች፣ በእጄ ጻፍኩት። እሳቸውም ቀና ብለው ማየታቸውን አላቋረጡም፣ ጽፌ እስክጨርስ።